ሁለት ሰው የሚይዝ ልጅ

መስከረም ላይ፣ አርብ ማታ፣ ኬንት ውስጥ ፍሬንች ፊልድ በሚባለው ስታዲየም ከአንድ ወዳጄ ጋር ተቀምጠን ነበር። ዝናቡ የሲያትል ዝናብ ነው፤ በደንብ አይዘንብም፣ በደንብም አያባራም። ወዳጄ ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ ግማሽ ሰዓት ያህል ሜዳውን ሲያይ ከቆየ በኋላ ወደ እኔ ዘንበል አለና፣ “ልጄ የቱ ነው?” አለኝ። አልሳቅሁበትም። ሄልሜት ያጠለቀ ልጅ ሁሉ አንድ ነው። ቁጥሩን ነገርኩት።

“እሺ፣ ኳሱን መቼ ነው የሚነካው?”

“አይነካም። ተከላካይ ነው።”

“ታዲያ ምን ይሠራል?”

የኬንት ትምህርት ዲስትሪክት አራት ሃይስኩሎች፣ ማለትም ኬንት ሜሪዲያን፣ ኬንትሪጅ፣ ኬንትውድና ኬንትሌክ፣ ይህንን አንድ ሜዳ ይጋራሉ። በ2020 ቆጠራ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከተማዋ ከ136 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበራት። የሲያትል የቤት ኪራይ ሲንር ሐበሻው ወደ ደቡብ፣ ወደ መጋዘኖቹና ወደ ኤርፖርቱ አቅጣጫ ተገፋ፤ ብዙው እዚህ ሸለቆ ውስጥ ቀረ። አባቶቹ ኳስ ሲባል በእግር የሚመታውን ያውቃሉ። ልጆቹ ግን አርብ ማታ የሚያዩት ሌላ ኳስ፣ የአሜሪካ ፉትቦል፣ ነው። ድሮ እዚያ አግዳሚ ላይ ሐበሻ አባት ማየት ብርቅ ነበር። አሁን አይደለም።

የወዳጄ ልጅ የሚጫወትበት ቦታ ኖዝ ታክል ይባላል። ኳሱን በእግሮቹ መሐል ወደ ኋላ ከሚያቀብለው የአጥቂ ቡድን ሰው ትይዩ የሚቆመው ነው። ሥራው መሐሉን በር መዝጋት ነው። ጨዋታው ሲጀመር ሁለት ግዙፍ ልጆች ተባብረው ይገፉታል። እሱ ካልተነቃነቀ ከኋላው ያሉት ላይንባከሮች ማንም ሳይነካቸው ሄደው ኳስ የያዘውን ሯጭ ይጥሉታል። መዝገብ ላይ የሚገባው የጣለው ሰው ስም ነው። ሁለቱን የያዘው አይጻፍም። ለወዳጄ እንዲህ አልኩት፦ ሠርግ ቤት ያንን ትልቁን ድስት ከምድጃ የሚያወርደውን ጎረምሳ አስብ፤ ወጡ ሲመሰገን የእሱን ስም የሚያነሳ አለ? ገባው። ገባውና ትንሽ ቅር አለው፤ አባት ነዋ።

ከኬንት በ167 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ጥቂት ደቂቃ ቢነዱ ኦበርን ይገኛል። ከዚያ ሃይስኩል የወጣው ዳኒ ሼልተን የዚህን ሥራ ዋጋ፣ ማለትም መቼ እንደሚወደድና መቼ እንደሚረክስ፣ ከማንም በላይ በሕይወቱ ያሳየ ሰው ነው። ሼልተን የሳሞአ ዝርያ ያለው ነው። በ2011 ወደ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ወራት ሲቀሩት ታላቅ ወንድሙ እዚያው ኦበርን ውስጥ በጥይት ተገደለ። ያንን ሐዘን ይዞ ነው ካምፓስ የገባው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጎላ ብለው የሚታዩ አልነበሩም፤ ኖዝ ታክል በአንድ ሌሊት አይሠራም። በ2014 ግን ፈነዳ። በአንድ የውድድር ዘመን 93 ታክል (ኳስ የያዘን ሰው መጣል)፣ 9 ሳክ፣ 5 የወደቁ ኳሶች ማንሳት። ሳክ ማለት ኳስ ወርዋሪውን ኳርተርባክ ኳሱ ከእጁ ሳይወጣ መሬት ላይ ማንጠፍ ነው። መሐል ቆሞ በሁለት ሰው የሚገፋ፣ ከ150 ኪሎ በላይ የሚመዝን ልጅ 9 ጊዜ ይህንን አደረገ ማለት ዘበኛው በሩን ሳይለቅ ሌባውን መንገድ ላይ ያዘው እንደማለት ነው።

በዚያው ዓመት ሌላም ነገር አገኘ፤ እኔ ከ9ኙ ሳክ የማስበልጠው ይህንን ነው። አንትሮፖሎጂ ተማሪው ሼልተን በትምህርት ውጤታቸው ከሚመረጡት የአገሪቱ የኮሌጅ ስፖርተኞች አንደኛ ቡድን ውስጥ ገባ። የሐበሻ ወላጅ ይህንን ሲሰማ ዓይኑ ይበራል፤ “አየህ፣ ሁለቱንም ይቻላል” ይላል። ይቻላል። የቻሉት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ዜና የሆነውም ለዚህ ነው።

የዚያ ዓመት የዋሽንግተን መከላከያ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በ2015 ድራፍት፣ ማለትም የፕሮፌሽናል ቡድኖቹ የኮሌጅ ልጆችን በተራ በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት፣ ሼልተን 12ኛ፣ ማርከስ ፒተርስ 18ኛ፣ ሻክ ቶምሰን 25ኛ፣ ሃውኦሊ ኪካሃ 44ኛ ሆነው ተጠሩ። አራቱም ተከላካዮች ናቸው። ይህንን ሁሉ ጉልበት የያዘ ቡድን ግን ዘመኑን የጨረሰው በ8 ድልና በ6 ሽንፈት ነው። (አጥቂ ክፍሉ ምን እየሠራ እንደነበር እስከ ዛሬ የሚጠይቁ የሲያትል ሰዎች አሉ።) የተከላካይ ዕጣ እንዲህ ነው፤ የቻለውን ሁሉ አድርጎም ሰሌዳውን የሚሞላው ሌላ ሰው ነው።

ቺካጎ ላይ ስሙ ሲጠራ ሼልተን መድረክ ላይ ወጥቶ የሊጉን ኮሚሽነር ሮጀር ጉደልን አቅፎ ከመሬት አነሳው። ምስሉ አገር ዞረ። የወሰደው ክሊቭላንድ ብራውንስ ነው፤ ያለፈውን ዓመት ሩጫ በማስቆም ከ32ቱ ቡድኖች መጨረሻ ሆኖ የጨረሰ ቡድን። ውሉ ለአራት ዓመት ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቁጥር ብቻ መናገር ይበቃል። በ2015 ሦስት ድል፣ በ2016 አንድ ድል፣ በ2017 ምንም። አስራ ስድስት ጨዋታ ተጫውተው አስራ ስድስቱንም ተሸነፉ። በሦስት ዓመት አራት አሸንፎ አርባ አራት መሸነፍ። ኮሌጅ እያለ በአንድ ዘመን 9 ሳክ ያስመዘገበው ልጅ በእነዚያ ሦስት ዓመታት ሁለት እንኳ አልሞላም።

አልሠራም ማለት ግን አይደለም፤ የተባለውን ሠርቷል፣ መሐሉን ዘግቷል። የተለወጠው ጨዋታው ነው። በፕሮፌሽናል ሊግ ኳስ መወርወር ሩጫን እየበለጠ በሄደ ቁጥር፣ ግዙፉ የመሐል ሰው ሜዳ ላይ የሚቆይበት ጊዜ እያጠረ መጥቷል። ሊወረወር ነው ተብሎ በሚታሰብበት ጊዜ ወጥቶ ይቀመጣል፤ ፈጣን የሆነው ይገባል። በግማሽ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ማንም ሙሉ ዋጋ አይከፍልም። ክሊቭላንድ ያንን ቦታ 12ኛ ምርጫ አድርጎ መግዛቱ በገበያው ሰዓት የዘገየ ግዢ ነበር ብዬ አምናለሁ። ገዢው ለተሳሳተው ሒሳብ የተወቀሰው ግን የተገዛው ልጅ ነው።

በ2018 መጋቢት ወደ ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ተሸጠ። በየካቲት 2019 ቡድኑ ራምስን 13 ለ 3 አሸንፎ የሊጉን የዋንጫ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ሲወስድ ሼልተንም ቀለበት አገኘ። ከአርባ አራት ሽንፈት በኋላ በአንድ ዓመት! በ2019 እዚያው ጥሩ ዘመን አሳለፈ፤ 61 ታክልና 3 ሳክ። ከዚያ ዲትሮይት ሁለት ዓመት ፈርሞ በአንድ ዓመቱ ተሰናበተ። ከዚያ ኒውዮርክ ጃያንትስ። ከዚያ በ2022 ካንሳስ ሲቲ፣ አብዛኛውን ጊዜ በልምምድ ቡድን ውስጥ፤ ያም ዓመት በሱፐር ቦውል ድል ተዘጋ። 12ኛ ሆኖ የተጠራ ሰው በ29 ዓመቱ እንደ ሳምንት ሠራተኛ ይኖር ነበር ማለት ነው። ይህ ደግሞ ስኬታማው ታሪክ ነው፤ የተጫዋቾች ማኅበሩ ለረጅም ጊዜ ሲጠቅሰው የኖረው አማካይ የሥራ ዘመን 3.3 ዓመት ገደማ ሲሆን ሼልተን ስምንት ውድድር ዘመን ቆይቷል። ለጡረታ መብት ሦስት የተቆጠሩ ዓመታት ያስፈልጋሉ። አማካዩ ሰው ከደጃፉ ትንሽ አልፎ ይወጣል ማለት ነው።

የሰፈራችን ልጆች ሼልተንን ሲነግሯቸው የሲያትሉን ፕሮፌሽናል ቡድን ሲሆክስን ያነሳሉ። ልምምዱ ሬንተን ሐይቁ ዳር ነውና ከቤታቸው ሩቅ አይደለም። “ሪቻርድ ሸርማን እኮ በአምስተኛው ዙር ነው የተመረጠው፤ ካም ቻንስለርም አምስተኛ ዙር ነው” ይላሉ። እውነት ነው። በየካቲት 2014 ሲሆክስ በሱፐር ቦውል ዴንቨርን 43 ለ 8 ሲያደቅ የጨዋታው ኮከብ የተባለው ማልኮም ስሚዝ ደግሞ በሰባተኛውና በመጨረሻው ዙር የተገኘ ላይንባከር ነው። ያ መከላከያ ከ2012 እስከ 2015 ለአራት ተከታታይ ዓመታት በሊጉ ትንሹ ነጥብ የተቆጠረበት ነበር። ልጆቹ የማያነሱት የታሪኩን ጭራ ነው፦ በ2017 ቻንስለርና ክሊፍ አቭሪል ሁለቱም አንገታቸውን ተጎድተው ከሜዳ ወጡ፤ አልተመለሱም።

የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ራሱ በሚያወጣው ግምት ድራፍት ለመግባት ከደረሱት የኮሌጅ ተጫዋቾች ፕሮፌሽናል የሚሆኑት 1.6 በመቶ ያህል ናቸው። 32 ቡድን በ53 ሰው ሲባዛ 1,696 ወንበር ነው፤ በአገሪቱ ሃይስኩል የሚጫወተው ልጅ ደግሞ ወደ ሚሊዮን ይጠጋል። እነዚህን ቁጥሮች ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ መንገር ጥቅም የለውም፤ ሞክሬዋለሁ። እያንዳንዱ ልጅ ራሱን ከ1.6ቱ ውስጥ ያገኘዋል።

ስለዚህ ከቁጥር ይልቅ የጆሳያ ብሮንሰንን መንገድ እነግራቸዋለሁ። ብሮንሰን የእኛው ነው፤ የኬንትውድ ልጅ፣ እሱም የመሐል ተከላካይ። መጀመሪያ ፊላደልፊያ ወዳለው ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ሄደ። አልቆየም፤ ወደ ሰፈሩ ተመልሶ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲን ተቀላቀለ። የተቀላቀለው ግን ‘ዎክ ኦን’ በሚባለው መንገድ፣ ያለ ስኮላርሺፕ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ስኮላርሺፕ ካለው እኩል ይለማመዳል፣ እኩል ይጋጫል፣ የትምህርት ክፍያው ግን በቤተሰቡ ወይም በብድር ነው። ብሮንሰን በኋላ ስኮላርሺፑን አገኘ፣ ተሰላፊ ሆነ። በ2021 ድራፍት ስሙን የጠራ ቡድን አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ኒው ኦርሊንስ ሴይንትስ አስፈረመው። የሸለቆው ልጅ ትክክለኛ መለኪያ የሼልተን እቅፍ ሳይሆን ይህ የጓሮ በር ነው።

አሁን ያ የጓሮ በር ራሱ እየጠበበ ነው።

እስከ 2021 ሐምሌ 1 ድረስ የኮሌጅ ስፖርተኛ በስሙና በመልኩ ገንዘብ ማግኘት ክልክል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተፈቀደ። ያ ግን ከውጭ የሚመጣ የማስታወቂያ ገንዘብ ነው። ሰኔ 6 ቀን 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ያጸደቁት ስምምነት ግድቡን አፈረሰው፦ ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲያካፍሉ ተፈቀደ። ለቀደሙት ስፖርተኞች ደግሞ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ካሳ ተወሰነ። ትልቁን ቁራሽ የሚወስደው ፉትቦል ነው፤ ከፉትቦልም ውስጥ ኳርተርባኩ። ነገር ግን ጥሩ የመሐል ተከላካይም አሁን በ18 ዓመቱ ዋጋ አለው። ሼልተን በ2014 ያንን ሁሉ ሲሠራ ከዩኒቨርሲቲው ያገኘው ስኮላርሺፕና እሱን ተከትሎ የሚመጣውን ድጎማ ነው። ዛሬ ቢሆን ብራውንስን ሳያይ ባለ ገንዘብ ይሆን ነበር።

ፍትሐዊ ነው? ነው። የቴሌቪዥኑን ቢሊዮን የሚያመጣው የልጆቹ ጉልበት ሆኖ ሳለ አሰልጣኞቹ ብቻ ሚሊዮነር የሚሆኑበት ሥርዓት አሳፋሪ ነበር። ነገር ግን በዚያው ስምምነት ውስጥ ብዙ ወላጅ ያላየው ሌላ አንቀጽ አለ። ድሮ የነበረው የ85 ስኮላርሺፕ ጣሪያ ተነሳና በምትኩ የቡድኑ ጠቅላላ ቁጥር 105 እንዲሆን ተደረገ። መልካም ዜና ይመስላል፤ ስኮላርሺፕ በዛ ማለት ነዋ። ግን ቀድሞ ቡድኖቹ ከ85ቱ በላይ በርካታ ዎክ ኦን ልጆች ይይዙ ነበር። አሁን ከ105 በላይ የሆነው ሁሉ ውጭ ነው። ቀድሞ የነበሩትን ለማስተዛዘን የተበጀ ልዩ ፈቃድ ቢኖርም፣ ገና ለሚመጣው ልጅ ያ አይሠራም። በዝውውሩም በኩል እንዲሁ፤ ድሮ ትምህርት ቤት የቀየረ ተጫዋች አንድ ዓመት ይቀመጥ ነበር፣ ዛሬ በየዓመቱ መዛወር ይቻላል። አሰልጣኙም የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ይዞ ሦስት ዓመት ከማብሰል ይልቅ ሌላ ቦታ የበሰለውን መግዛት ይቀለዋል። ኖዝ ታክል ደግሞ ዘግይቶ የሚበስል ነው ብያለሁ። ብሮንሰን ዛሬ ከፊላደልፊያ ተመልሶ ያንን በር ቢያንኳኳ ይከፈትለት ይሆን? እኔ እጠራጠራለሁ።

ወላጆቹ ጋ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። እኛ “መጀመሪያ ትምህርትህን” እያልን ያደግንና ያሳደግን ሰዎች ነን። ድሮ ይህ ምክር ከኮሌጁ ሥርዓት ጋር ይገጥም ነበር፤ ስኮላርሺፕ ማለት ትምህርት ማለት ነው። አሁን ልጁ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ወኪል ይዞ ውል የሚፈርም ተዋዋይ ሆኗል። ገንዘቡም የሚመጣው ኬንት ያለ የኡበር ሾፌር ሁሉ በሚያውቀው ቴን ናይንቲ ናይን በሚባለው የታክስ ቅጽ ነው፤ ታክሱን ማንም ቀድሞ አይቆርጥልህም፣ ሚያዝያ ላይ ራስህ ትከፍላለህ። ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የሚሰጠው የትምህርት ድጎማም በዚህ ገቢ ሊቀንስ ይችላል። እዚህ ላይ የእኛ ሰው፣ ሳይገርም፣ ከብዙ አሜሪካዊ ወላጅ ይሻላል፤ በታክስ የተቃጠለ ሰው የታክስ ነገር አይነገረውም።

ሐበሻ ስም የተጻፈበት ማሊያ በዚያ ሊግ አልታየም እንዳትሉ፤ ታይቷል። የኤርትራ ዝርያ ያለው ናት በርሄ ከሳን ዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በ2014 በአምስተኛው ዙር፣ 152ኛ ሆኖ በኒውዮርክ ጃያንትስ ተመረጠ። ቦታው ሴፍቲ ነው፤ ከሁሉም ኋላ ቆሞ ያመለጠውን የሚለቅም። በመጀመሪያው ዓመት በአብዛኛው ኳስ በሚመታበት ጊዜ በሚገባው ልዩ ቡድን ውስጥ ተሰለፈ። 2015ን በባት ጉዳት ሙሉ በሙሉ አጣ። 2016 ላይ ደግሞ የጭንቅላት መናወጥ ገጠመው። በ2018 ፒትስበርግ ሄዶ እዚያም ጉዳት ቀደመው። “በርሄ” የሚለውን ስም በትልቅ ፊደል ጀርባው ላይ አንብበን ደስ ብሎን ነበር። የሰውነቱን ሒሳብ የከፈለው እሱ ብቻ ነው።

ይህንን ሒሳብ ለማወቅ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከኬንት ብዙ በማይርቀው ሜፕል ቫሊ በ2006 አንድ የ13 ዓመት ልጅ በትምህርት ቤት ጨዋታ ጭንቅላቱን ተመታ፤ ጥቂት አርፎ ተመልሶ ገባና ተጫወተ። ጨዋታው ሲያልቅ ወደቀ። ሕይወቱ ተረፈ፤ መራመድና መናገር ግን እንደ ገና ዓመታት የፈጀ ትምህርት ሆነበት። በ2009 ዋሽንግተን ስቴት በስሙ የዛክሪ ሊስቴት ሕግ የተባለውን አጸደቀ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው፣ ሌሎቹም ስቴቶች ተከተሉት። የጭንቅላት መናወጥ የተጠረጠረበት ልጅ ወዲያው ይወጣል፤ የሚመለሰው የሕክምና ባለሙያ በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ ነው። በየዓመቱም ልጁና ወላጁ ስለ አደጋው የሚናገረውን ቅጽ አንብበው ይፈርማሉ።

ሕጉ ትልቁን ምት ይይዛል። የመሐል ተከላካይ ችግር ግን ትንንሹ ነው፤ በእያንዳንዱ ጨዋታ ጅማሬ፣ በየልምምዱ፣ ማንም ወጥቶ ይቀመጥ የማይለው ግጭት። በ2017 የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከመረመሯቸው 111 የቀድሞ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾች አንጎል በ110ሩ ላይ ሲቲኢ የተባለውን የአንጎል በሽታ አግኝተዋል። አንጎሎቹ ቤተሰብ ጠርጥሮ የለገሳቸው ስለሆኑ ቁጥሩን ለሁሉም ተጫዋች ማዋል አይቻልም፤ ተመራማሪዎቹም ይህንኑ ብለዋል። ቢሆንም 110 ከ111 ማንንም ወላጅ ቆም ሊያደርግ የሚገባ ነው።

ባለፈው ነሐሴ ወዳጄ ቤት ቡና ላይ ሳለን ልጁ ያንን ቅጽ ይዞ መጣ። በአንድ ዓመት ትከሻው በሩን ሊሞላው ደርሷል። አባቱ እንግሊዝኛው ይከብደዋልና “አንብብልኝ” አለው። ልጁ ቆሞ ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነብ ጀመር፤ አማርኛው ጥሩ ነው፣ የእናቱ ሥራ ነው። “ራስ ምታት... ማዞር... ብርሃን መጥላት... ነገር መርሳት... ካለ ለአሰልጣኝ ይነገር።” አባቱ እስክሪብቶውን አነሳ።

ወረቀቱ ከእኔ ፊት ስለነበር አየሁት። ከላይ ያለውን ዐረፍተ ነገር ዘሎታል፤ በጊዜ ካልተያዘ የአንጎል ጉዳትና ሞት ሊያስከትል ይችላል የሚለውን። ቀና ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ።

“ጋሼ፣ ቡናው ሊቀዘቅዝብዎት ነው” አለኝ።

“ይቀዝቅዝ” አልኩት። “ከላይ ጀምረህ ድገምለት።”